ገንዘቡ አለ፣ ማኅተሙ የለም፦ ከጦርነት በኋላ በሩን የከፈተ፣ ወሎ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ

መንግሥት በችግር ጊዜ ለዩኒቨርሲቲ ምን ያህል ገንዘብ ሰጠ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እኛን ያስጨነቀን ግን ሌላ ነበር። ገንዘቡ በየትኛው የበጀት መደብ ነው የተያዘው? ማን ይፈርምበታል? እስከ ስንት ቀን ይሠራል? በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ሌሊት እንቅልፍ የነሱን ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጉዳዩ ወሎ ውስጥ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአንዱ ነው። ግቢውንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። እኔ በጊዜው የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። በኋላ የምግብ አቅርቦቱንም ደረቡብኝ፤ ለምን እኔን እንደመረጡ እስካሁን አልገባኝም።

መነሻ

በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ በነሐሴ 2013 ከመንግሥት እጅ ወጣች። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ ተከተሉ። ተማሪዎቻችን ቀደም ብለው ወደየቤታቸው ተሸኝተው ነበር። ሠራተኛው በመጨረሻው ሰዓት ባገኘው መኪና፣ ያላገኘውም በእግሩ ወጣ። አብዛኛው ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠጋ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ሲመለሱ እኛም በየፊናችን ተመለስን።

ግቢው በቆመበት ነበር። ሕንፃዎቹ አሉ፤ ውስጣቸው የለም። ኮምፒውተር ክፍሎቹ ውስጥ ሲፒዩዎቹ ተከፍተው ሆዳቸው ወጥቷል። ስክሪኖቹ በሰደፍ የተመቱ ይመስላሉ። ቤተ ሙከራዎቹ ውስጥ ወለሉ ላይ የሚንኮሻኮሸው ብርጭቆ ነው። ሊወሰድ የሚችለው ተወስዷል፣ ሊወሰድ ያልቻለው ተሰብሯል።

ከሁሉም የማይረሳኝ ካፌው ነው። የእንጀራ ምጣዶቹ የሉም። ትልልቆቹ ድስቶች የሉም። ከጓዳው የተፈነዳ ቧንቧ ወለሉን አርሶት፣ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ድፍን ምስር በቅሎ ነበር። አረንጓዴ ሆኖ። ሁላችንም እማ የምንላት ዋና ወጥ ሠሪ ደፍ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «አብሽሩ፣ ምስሩ እንኳ በቅሏል» አለች። መጥረጊያ ፍለጋ ሄደች። መጥረጊያም አልነበረም።

ችግሩ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት ከፌዴራል ግምጃ ቤት ይመጣል፤ መደበኛ (የዕለት ሥራ ማስኬጃ) እና ካፒታል (የግንባታና የቋሚ ዕቃ) ተብሎ ይከፈላል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። የ2014 በጀታችን ጦርነቱ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ጸድቋል። ግቢው ለወራት ተዘግቶ ስለከረመ ብዙው አልተነካም። በወረቀት ሀብታሞች ነበርን።

ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገንዘብ ባንክ ተኝቶ አይጠብቅህም። ሒሳቡ ዜሮ ባላንስ ነው። በተፈቀደልህ ጣሪያ ልክ ፈርመህና አትመህ ስታዝ ነው ከግምጃ ቤት የሚከፈልልህ። የእኛ ካዝና ተሰብሯል። ክቡ ማኅተም በውስጡ ነበር። ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሌላው አዲስ አበባ።

ቀሪው ችግር ደግሞ የገንዘቡ ዓይነት ነው። ብዙ ብር የተቀመጠው ካፒታል ላይ ነው፤ በግንባታ ስም። የቸገረን ዱቄት፣ ሳሙና፣ ነዳጅና ፍራሽ ነው። ከእነዚህ አብዛኛው መደበኛ ነው። የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ 648/2001 ደግሞ ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወርን አይፈቅድም። በሰላም ጊዜ ትክክለኛ ሕግ ነው፤ ካፒታል እየተበላ አገር አይገነባም። እኛ ግን ያልተጀመረ ሕንፃ ገንዘብ ይዘን፣ ተማሪ የምናበላው አጣን።

ምግቡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ የተመደበው 15 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል፣ የምግቡ ከዚያም ይብሳል። 15 ብር ከተማ ውስጥ ሻይ በዳቦ ቢያጠጣ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ጉድለቱን ከሌላ መደብ እየሸራረፉ ይሸፍኑ ነበር። የእኛ ሌላ መደብ ደግሞ ራሱ ተሸራርፎ አልቋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ደመወዝ። መጀመሪያ የተፈታው ይህ ነው። እኔ ከሁሉም የምኮራበትም ይህ ነው፤ ምንም እጄ ባይኖርበትም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ተቋም አንድ ክፍልና ሁለት ኮምፒውተር አዋሰን። የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛችን ስትወጣ ያለፈውን ወር ፔይሮል በፍላሽ ይዛ ነበር። ሌላ ንብረት አልያዘችም፤ ልጇንና ፍላሹን ብቻ። በዚያ ፍላሽ ፔይሮሉ ተሠራ። ተቋሙም የሚቆጣጠረን ሚኒስቴርም ለጊዜው በሌላ መንገድ እንዲከፈል ተስማሙ። ደመወዙ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

እንዲህ ዓይነቱን ድጋፍ ማንም በቴሌቪዥን አያሳየውም። የሚታየው ኮምፒውተር ሲረከቡ ነው። ግን መምህሩን ዘመድ ቤት ያሰነበተው፣ በኋላም ወደ ግቢው የመለሰው ያ ደመወዝ ነው። ደመወዙ ተቋርጦ ቢሆን ግማሹ መምህር ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር።

ማኅተም። አዲስ ማኅተም ለማስቀረጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ማኅተም ያስፈልገዋል። እየሳቅን ነው የተናደድነው። መፍትሔው የፖሊስ ማስረጃ አውጥቶ፣ የጠፋው ማኅተም ዋጋ እንደሌለው በጋዜጣ አስነግሮ፣ ሚኒስቴሩ በራሱ ደብዳቤ እንዲጠይቅልን ማድረግ ሆነ። ሳምንታት ወሰደ። በእነዚያ ሳምንታት ከደመወዝ በስተቀር አንድ ብር አልወጣም።

ቆጠራ። መጀመሪያ የሠራነው ስህተት ነበር። ለየትምህርት ክፍሉ «የጠፋብህን ጻፍና ላክ» አልን። የመጣው ዝርዝር አስደንጋጭ ነው። አንድ ቤተ ሙከራ ከሕንፃው ቁመት በላይ የሚደረደር ዕቃ ጠፋብኝ አለ። ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም። በችግር ጊዜ ትንሽ የጠየቀ ትንሽ ይሰጠዋል የሚል እምነት አለ። አንዳንዱ ለዓመታት ተጠይቆ ያልተገዛለትን ማይክሮስኮፕ ጭምር ጠፋ ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነው። ሦስት ሦስት ሰው ሆነን ክፍል በክፍል ዞርን፤ አንዱ ከክፍሉ፣ አንዱ ከንብረት፣ አንዱ ምንም ከማያገባው ክፍል። ከዚያ ዝርዝሩን ከሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቅጂዎች ጋር አመሳከርን። ቅጂዎቹ በከፊል ቢበታተኑም ሒሳብ ክፍል የነበሩት ተርፈዋል። ዘራፊ ወረቀት አይወስድም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ዓምድ ሠራን፦ የተዘረፈ፣ የተሰበረ፣ የሚጠገን። ድምሩ ከመጀመሪያው በጣም አነሰ፤ አንዳንድ ኃላፊዎች ተቆጡ። በኋላ ከሚኒስቴሩ የመጣው ቡድን ግን ራሱ የመረጣቸውን ክፍሎች ከፍቶ አየ፣ ከወረቀታችን ጋር ገጠመለት። ከዚያ ቀን በኋላ የምንልከውን ቁጥር የሚጠራጠር አልነበረም።

ከሁሉም የጠቀመን ሦስተኛው ዓምድ ነው። የተቆረጠ ገመድ፣ እግሩ የተጣመመ አልጋ፣ በሩ የተነቀለ ሎከር። የግቢው ቴክኒሻኖች ብየዳ ማሽን ተውሰው ብዙ አልጋ መለሱ። ይህ ሁሉ መጀመሪያ በተላከው ዝርዝር ላይ «የወደመ» ተብሎ ነበር።

ምግብ። ተማሪውን በአንድ ጊዜ መቀበል እንደማይቻል ግልጽ ነበር። ተመራቂዎቹን አስቀደምን፣ ሌሎቹን በዙር። ይህን የወሰነው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ቢሆንም ሐሳቡ የመጣው ከእማ ነው። «ድስት ሁለት አለኝ። በሁለት ድስት ስንት ሰው እንደሚበላ እኔ ልንገራችሁ፣ ከዚያ እናንተ ተማሪውን ጥሩ» አለች።

ዱቄትና ሽሮ ግን ያስፈልጋል። ግልጽ ጨረታ ጊዜ ይወስዳል። በጊዜው የነበረው የግዥ አዋጅ 649/2001 አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም ቀጥታ ግዥ ይፈቅድ ነበር። የግዥ ኮሚቴያችን ይህን ያውቃል። ግን ማንም አልፈረመም። «ነገ ኦዲት ሲመጣ ጦርነት ነበር ብዬ ነው የምመልሰው?» አለ አንዱ። ሰውየውን አልፈርድበትም። ከዚያ በፊት በሌላ ጉዳይ ለፈረመው ፊርማ ሁለት ዓመት ሲንከራተት አይተነዋል።

በዚህ መሐል ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ሄድን። የእሱም መጋዘን ተዘርፎ ነበር፤ ያለው ከገጠር እንደገና ያሰባሰበው ነው። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ስለ ዋጋ ልናወራ ስንጀምር እጁን አነሳ። «ወላሂ እነዚህ ልጆች ይምጡልኝ። እነሱ ካልመጡ ይቺ ከተማ ምን ልትበላ ነው? ውሰዱ፣ ብሩ የትም አይሄድም።» ዱቄቱን በዱቤ ጫነልን። ደረሰኝ አልጠየቀም፤ እኛ ነን አስገድደን ያስፈረምነው።

ተማሪዎቹ በሉ። ሕጉ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላስያዘውን ገንዘብ ዕዳ እንዲገባ አይፈቅድም። በኋላ የኦዲት ግኝት ሆኖ ወጣ። ነጋዴው ብሩን ያገኘው ሰኔ ላይ ነው፤ ያውም ስንት ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ። በእነዚያ ወራት የዱቄት ዋጋ ጨምሯል፣ እኛ የከፈልነው በጥንቱ ዋጋ ነው። አንድም ቀን አላነሳብንም። እኔ ግን ዛሬም በሱቁ በኩል ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ። የመንግሥትን የገንዘብ ክፍተት በአንድ ተዘራፊ ሰው ኪስ ነው የሞላነው።

መፍትሔው ስናየው ቀላል ነበር። አዲስ ማኅተም ከመጣ በኋላ የበላይ አመራሩ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ሁኔታው አስቸኳይ መሆኑን፣ ምን ዕቃ ለስንት ጊዜ በቀጥታ እንደሚገዛ፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ኮሚቴው ያንን ይዞ በቀናት ውስጥ ገዛ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ አዋጁም ያው ነው። የጎደለው የበላይ ፊርማ ነበር።

የእህት ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ። ከብዙ አቅጣጫ መኪና መጣ፦ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ኮምፒውተር፣ መጽሐፍ። ልባቸው ጥሩ ነው፣ ሰው በሰውነቱ ያሰበን ያኔ ነው። ዕቃው ግን እኩል አልጠቀመም። ደውለው «ምን ይጎድላችኋል?» ያሉን፣ የሚጠገነውንና የተዘረፈውን ዝርዝር ወስደው በዚያው ልክ ላኩልን። ሳይጠይቁ የላኩት ውስጥ የኃይል ገመድ የሌለው ኮምፒውተርና ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ነበር። ኬሚካሉን ማስወገድ ራሱ ወጪ ነው።

መጋዘን ጠባቂያችን ለእርዳታውም ሞዴል 19 ካልተቆረጠ አላስገባም አለ። መኪና በር ላይ ቆሞ፣ እንግዶች ፀሐይ ላይ ቆመው። ያኔ ሁላችንም ጠላነው። ዓመቱ ሲያልቅ የት እንደገባ የሚታወቅ ዕቃ የእርዳታው ዕቃ ብቻ ነበር።

ያልተሳካው

ጥር 2014 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። የዓመቱ የፌዴራል በጀት 561.7 ቢሊዮን ነበርና ትንሽ ጭማሪ አይደለም። አብዛኛው ለመከላከያ ነው፤ ለዕለት እርዳታና ለመልሶ ግንባታም ተይዟል። ግቢው ውስጥ ዜናው እንደተሰማ ሁሉም ቤተ ሙከራውን በሐሳቡ ገንብቶ ጨረሰ። እኛ ጋ የደረሰው ግን በሐሳባችን ልክ አልነበረም፣ በፍጥነታችንም ልክ አልነበረም።

ያለንን የካፒታል ገንዘብ ከግንባታ ወደ ቤተ ሙከራ ዕቃ ለማዞር ጠየቅን። ሁለቱም ካፒታል ስለሆኑ ይቻላል። ፈቃዱ መጣ፤ ዘግይቶ። የቤተ ሙከራ ዕቃ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጨረታ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)። ብር ቢኖርህ ዶላር የለም። ሰኔ 30 መጣ። ያልተከፈለው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመለሰ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው የሒሳብ መግለጫችንን ብቻ ቢያይ፣ «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ተትረፍርፏቸዋል» ይላል። ያለውም ሰው ነበር።

ተመራቂዎቹ የተግባር ትምህርታቸውን በአውቶቡስ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በሁለት ሳምንት ተማሩ። አንድ ተማሪ በተመለሰ ማግስት አግኝቶኝ፣ «ማሽኑን ነካሁት፣ ግን ተራዬ ደቂቃ ነበር» አለኝ። ይህን ስኬት ብዬ አልጽፈውም።

ቆጠራውም ቢሆን ያመለጠው ነገር አለ። ያሰብነው ስለ ዕቃ ብቻ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ቤቷ ተቃጥሎ ሥራ ገብታ መጽሐፍ ስትቆጥር የማንም ዓምድ ውስጥ አልገባችም። ለሠራተኛው የምክር አገልግሎት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ተነስቶ፣ በየትኛው መደብ ይከፈል ሲባል ቀረ።

ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች

በችግር ጊዜ ገንዘብ የሚዘገየው አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ የዘገየው ግማሹ እዚሁ ቃለ ጉባኤ ባለመያዛችን ነው። ስለዚህ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድር ሰው ካነበበው፣ የአስቸኳይ ጊዜ ግዥ ውሳኔን ረቂቁን ዛሬ ይጻፈው። ምን ዓይነት ዕቃ፣ እስከ ስንት ቀን፣ በማን ፊርማ። ችግሩ ሲመጣ ቀን መሙላት ብቻ ይቀረዋል። ኮሚቴውን ጀግና ሁን ማለት ከንቱ ነው፤ ጀግንነት ኦዲት ፊት አይሠራም።

የጉዳት ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ጥቅም ከሌለው ሰው ጋር ይጻፍ። የሚጠገነውን ለብቻው ያውጣ። እርዳታ ለሚሰጥ ሰው የሚላከውም ይኸው ዝርዝር ነው፤ «ሁሉ ነገር ጠፍቶብናል» ያለ ሰው የኃይል ገመድ የሌለው ኮምፒውተር ይደርሰዋል።

ከመንግሥት በኩል ደግሞ ሁለት ነገር ቢለወጥ እላለሁ። አንደኛ፣ ጦርነት ወይም የተፈጥሮ አደጋ ለደረሰበት ተቋም ሰኔ 30 ላይ ያልተከፈለው የመልሶ ማቋቋሚያ ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገርለት። የቤተ ሙከራ ዕቃ በአራት ወር አይገዛም፤ ይህን ሚኒስቴሩም ያውቃል። ሁለተኛ፣ የምግቡ ነገር። 15 ብሩ በኋላ 22 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ 100 ብር። ጭማሪው ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ የሚቀየረው ስንት ዓመት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ከሆነ፣ በመሐል ያለውን ጉድለት የሚሸፍነው ያው ባለሱቅ ነው። ከገበያ ጋር በየዓመቱ የሚታይ መሆን ነበረበት።

ወጪ መጋራት የሚባለውንም እዚህ ላይ ላንሳው፤ ብዙ ሰው ዩኒቨርሲቲው ከተማሪው ገቢ የሚያገኝ ይመስለዋል። አብዛኛው ተማሪ የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው፣ ያም ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ለዱቄት የሚሆን ጥሬ ብር ከዚያ አይመጣም። በ2015 የወጣው አዋጅ 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን መንገድ ከፍቷል፤ በመጀመሪያ የገባበት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ገቢውን ይዞ የማቆየት ነፃነት ይኖረዋል። ግን ጠረፍ ላይ ወይም የጦርነት መንገድ ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ገቢ ከየት ይመጣለታል የሚለው፣ እኔ እስከማውቀው በእኛ ግቢ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የመጨረሻው አጀንዳ ሆኖ ሰዓት ያልቅበታል።

በነሐሴ 2014 ቆቦ አካባቢ ውጊያው እንደገና ሲጀመር ግቢው ውስጥ ወሬው የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ሻንጣ መሸከፍ ጀመረ። ወደ ፋይናንስ ስሄድ ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የምሳ ዕቃውን ከፍቷል። ምግቡን ወረቀት ላይ ገልብጦ፣ ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልሎ የምሳ ዕቃው ውስጥ እየከተተ ነበር። የደመወዝ ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ፍላሹን ከአንገቷ ክር ጋር ታስራለች። «ሽሮው ይበርድብሃል» አለችው። እዚያው ቆሞ በላው፣ ምሳ ዕቃውን ዘጋ።